የመጋቢት እብደት

በዚህ ዓምድ ዘወትር የማጫውታችሁ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ተማሪዎች ነው። ዛሬ ግን ስለ ኳስ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። «ይኸ አስተማሪ ደግሞ ምን ነካው?» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። የማወራው ስለ እግር ኳስ ሳይሆን ስለ ቅርጫት ኳስ ነው፤ እርሱም የአሜሪካ ኮሌጆች የሚጫወቱት ነው። ነገሩ የራቀ መስሎ ቢታያችሁ አልፈርድባችሁም፤ ለእኔም እስከ የካቲት ወር 2014 ዓ.ም. ድረስ እንደዚያው ነበር። (ዓ.ም. ብዬ የጻፍሁት የእኛ አቆጣጠር ነው፤ የቀረው ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።)

በዚያ ወር አንድ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ያን ጊዜ የኮሌጅ ተማሪ ነበርሁ። አክስቴ ለሕክምና ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ቤት ያርፉ ነበር፤ እኔም ሌሊት ውኃ የሚያቀብላቸው እንዳያጡ ብዬ ከአልጋቸው አጠገብ ፍራሽ ዘርግቼ እተኛ ነበር። በዚያ ሰዓት ከውጭ አገር የሚመጣ ጥሪ ምን ሊሆን እንደሚችል የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደዋዩ በዋሽንግተን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ልቤ እየመታ፣ «ጋሼ፣ ምን ሆንህ?» አልሁት።

«ተሸነፍን» አለኝ።

«እነማን?»

«እኛ ነና! ጆርጅታውን!»

እፎይ አልሁና ወዲያው ተናደድሁ። አክስቴም ነቅተው ኖሮ፣ «ማነው? ልጄ ነው? ምን ሆነ?» እያሉ ከአልጋቸው ቀና አሉ። «ደኅና ነው፤ ኳስ ተሸንፎ ነው» አልኋቸው። «እሰይ! ኳስ ብቻ ከሆነ ይሸነፍ» ብለው ተመልሰው ተኙ። እኔ ግን ስልኩን ይዤ ወደ በረንዳ ወጣሁና ተናገርሁት። እናትህ ታማ ተኝታ አንተ በእኩለ ሌሊት ስለ ኳስ ታወራለህን? አልሁት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም፤ «ደኅና እደሩ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለእኔ አልደወለም። ለእናቱ በሌላ ስልክ ይደውል ነበር።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው እንግዲህ ይኸ «እኛ» የሚለው ቃል ያሳሰበኝ። ጋሼ ከጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አንድ ቀን እንኳ ትምህርት አልተማረም። ሥራው በከተማው መካከል፣ ቡድኑ ከሚጫወትበት ታላቅ አዳራሽ ጥቂት ርቆ ባለ ሕንፃ ሥር መኪና ማቆም ነው። በደረሰ በሁለተኛው ክረምት አንድ መኪናቸውን ዘወትር እዚያ የሚያቆሙ ሽማግሌ፣ ባለቤታቸው ስለ ታመሙባቸው የተረፋቸውን የመግቢያ ወረቀት ሰጡት። ብርዱን ለመሸሽ ብሎ ገባ፤ ሲወጣ ግን የዚያ ቡድን ሰው ሆኖ ወጣ። አጠገቡ የተቀመጠው የማያውቀው ሰው ነጥብ በገባ ቁጥር አንገቱን ያቅፈው እንደ ነበረና፣ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ሰው ያቀፈው በዚያን ቀን ብቻ መሆኑን በኋላ ነግሮኛል።

እስቲ አሁን ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ቅርጫት ኳስን የፈጠረው እንደ እኔው አስተማሪ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ ይባላል፤ የካናዳ ሰው ነው። በ1891 ዲሴምበር ወር ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ፣ በእኛ አገር ወወክማ በሚል ስም የምናውቀው ማኅበር ባቋቋመው ማሠልጠኛ ውስጥ ያስተምር ነበር። ክረምቱ ከብዶ ውጭ መጫወት ስላልተቻለ 18 አስቸጋሪ ተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ ተዘግተው ያምሱት ነበር። አለቃው በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ አንድ ጨዋታ እንዲፈጥርላቸው አዘዘው። ኔይስሚዝም 13 ሕጎች ጻፈና የሕንፃውን ጠባቂ ሁለት ሣጥን እንዲያመጣለት ለመነው፤ ሰውየው ሣጥን ስላጣ ሁለት የኮክ ቅርጫት አመጣ። ቅርጫቶቹ በአዳራሹ ሰገነት ላይ ተቸነከሩ። ሰገነቱ ከወለሉ 10 ጫማ ከፍ ያለ ስለ ነበረ ዛሬም በዓለም ሁሉ ቀለበቱ የሚሰቀለው በዚያው ከፍታ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጨዋታው የተፈጸመው 1 ለ0 ነው። በዚህ ደስ የሚለኝ ነገር ቢኖር ከተማሪ ረብሻ የተወለደ መሆኑ ነው።

ኔይስሚዝ ቆይቶ ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የዚያ ቡድን የመጀመሪያ አሠልጣኝ ሆነ። 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸነፈ። ከእርሱ በኋላ ካንሳስን ካሠለጠኑት ሁሉ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠበት አሠልጣኝ ጨዋታውን የፈጠረው ሰው ብቻ ነው።

የአሜሪካ ሰው የኮሌጅ ቡድን ለምን እንዲህ እንደሚወድ ለማወቅ የአገሩን ስፋት ማሰብ ያስፈልጋል። በደመወዝ የሚጫወቱ ታላላቅ ቡድኖች ያሉት በትልልቅ ከተሞች ነው። ካንሳስ ውስጥ ላለችው ሎረንስ፣ ኬንታኪ ውስጥ ላለችው ሌክሲንግተን ግን ዩኒቨርሲቲው ሁሉም ነገር ነው። ገበሬው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የተማረውም ያልተማረውም ያንኑ ቀለም ይለብሳል። በሰሜን ካሮላይና ዱክ እና ኖርዝ ካሮላይና የሚባሉት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የሚራራቁት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም የዱክ ተማሪዎች ከጎረቤታቸው ጋር የሚደረገውን ግጥሚያ ለማየት በክረምት ብርድ ለሳምንታት በድንኳን ያድራሉ። በ2022 የዱክ አሠልጣኝ ማይክ ሸሸፍስኪ ከ42 ዓመት አገልግሎት በኋላ ሊሰናበቱ ሲሉ፣ በገዛ አዳራሻቸው ያደረጉትን የመጨረሻ ጨዋታ ያበላሹባቸው እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው፤ ይኸም አልበቃ ብሎ በወሩ በታላቁ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተገናኙና 81 ለ77 አሸንፈው ከሥራቸው አሰናበቷቸው። እንዲህ ያለ ጉርብትና እኛም ዘንድ አይጠፋም።

ታላቁ ውድድር የሚደረገው በእኛ በመጋቢት ወር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። እኛ ሽሮ ላይ ስንሆን እነርሱ የዶሮ ክንፍ ይዘው በቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። «የመጋቢት እብደት» የሚለውን ስም ያወጡለት ራሳቸው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። በ1939 ሲጀመር 8 ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ ያን ዓመት ኦሪገን ኦሃዮ ስቴትን 46 ለ33 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ1985 ቡድኖቹ 64 ሆኑ፤ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ 68 ደረሱ። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ከውድድሩ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት ከውድድሩ የባሱ ናቸው። በዋናው ክፍል ከ360 በላይ ኮሌጆች አሉ። እነዚህ በየማኅበራቸው ተከፋፍለው ሲጋጠሙ ይከርማሉ፤ በመጨረሻም የየማኅበሩ ዋንጫ አሸናፊ ያለ አንዳች ጥያቄ ይገባል። የቀረውን ቦታ የሚያድለው አንድ ኮሚቴ ነው። እርሱም በዝግ ቤት ተቀምጦ፣ ማን ማንን አሸነፈ፣ በማን ሜዳ አሸነፈ፣ የተሸነፈውስ በማን ነው እያለ ይመረምራል፤ እሑድ ማታም ስሞቹን ያስነግራል። ይግባ አይግባ ገና ያልታወቀውን ቡድን «አረፋ ላይ ነው» ይሉታል። አረፋ ላይ ያለ ቡድን ደጋፊ ከመሆን ያድናችሁ! የራሱን ቡድን ጨዋታ ትቶ በሩቅ አገር የሚጋጠሙ፣ ስማቸውን እንኳ አጥርቶ የማያውቃቸው ሁለት ኮሌጆች ማን እንዲያሸንፍ መጸለይ እንዳለበት ሲያሰላ ያድራል።

ለተመረጡት በአራት ምድብ ከ1 እስከ 16 ተራ ይሰጣቸዋል፤ አንደኛው ከ16ኛው፣ ሁለተኛው ከ15ኛው ጋር ይገጥማል። ይኸ በወረቀት ላይ ሲታይ ታላቁ ታናሹን የሚበላበት ሥርዓት ነው፤ በእውነትም ከ1985 ጀምሮ 33 ዓመት ሙሉ በወንዶቹ ውድድር አንድም 16ኛ አንደኛውን አሸንፎ አያውቅም ነበር። በ2018 ግን በባልቲሞር አጠገብ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ቨርጂኒያን 74 ለ54 አሸነፈ። በሃያ ነጥብ! ቨርጂኒያ በአገሩ ሁሉ መሣቂያ ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዚያው ከውርደቱ ተነሥቶ ዋንጫውን ወሰደ። በ2022 ከጀርዚ ሲቲ የመጣው ሴንት ፒተርስ የሚባል ትንሽ ኮሌጅ 15ኛ ሆኖ ገብቶ ኬንታኪን አሸነፈና ከመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች አንዱ ለመሆን በቃ፤ ከዚያ በፊት ማንም 15ኛ እዚያ አልደረሰም። ሕዝቡ የሚያብደው እንግዲህ በዚህ ነው።

ሌላው የእብደት ዓይነት ሰንጠረዡ ነው። ምርጫው በተነገረ ማግሥት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው፣ ሐኪሙ፣ አያቲቱም ጭምር የግጥሚያውን ሰንጠረዥ ይዘው ማን ማንን እንደሚያሸንፍ እስከ ፍጻሜው ድረስ ይሞላሉ። ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ሳሉ በቴሌቪዥን ፊት ቆመው ይሞሉ ነበር፤ በ2009 ኖርዝ ካሮላይና ዋንጫውን ይወስዳል ብለው ተናግረው ደርሶላቸዋል። ሙሉውን ሰንጠረዥ ሳይሳሳት የሞላ መኖሩ ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። በ2014 ዋረን በፌት የተባሉት ባለጠጋ ሁሉንም በትክክል ለሚገምት አንድ ሺህ ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጡ ቢያስነግሩም ገንዘባቸው አልተነካም።

እኔ የማስተምረው ሒሳብ ስለሆነ ባለፈው ሳምንት ይኸንኑ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አቀረብሁላቸው። ከ64 ቡድን አንድ እስኪቀር 63 ግጥሚያ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ሁለት ዓይነት ፍጻሜ አለው፤ ስለዚህ ሁለትን 63 ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው። ውጤቱን በሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር ጻፍሁት፤ 9,223,372,036,854,775,808። በየሰከንዱ አንድ ሺህ ሚሊዮን ሰንጠረዥ የሚሞላ መኪና ቢኖር ሁሉንም ለመጨረስ 292 ዓመት ይፈጅበታል አልኋቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አነሣችና፣ «ታዲያ እንደማይሆን እያወቁ ለምን ይሞላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ደወሉ እስኪደወል ድረስ አሳማኝ መልስ ሳላገኝ ቀረሁ። ይህችው ልጅ ሴቶችም ይጫወታሉ ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ለዚህስ መልስ ነበረኝ። በ2024 የሴቶቹን ፍጻሜ፣ ሳውዝ ካሮላይና አይዋን 87 ለ75 ያሸነፈበትን፣ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በቴሌቪዥን ሲያየው የወንዶቹን ፍጻሜ ያየው ወደ 15 ሚሊዮን ብቻ ነው። ወንዶቹ ተማሪዎቼ አላመኑኝም።

አሁን ወደ ጋሼ ቡድን ልመለስ። ሦስት ሳምንት ሲያኮርፈኝ እኔም ጥፋቴ ስለ ተሰማኝ ስለ ጆርጅታውን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ያነበብሁትም ከኳስ ይልቅ የትምህርት ነገር ሆኖ አገኘሁት።

በ1972 ጆርጅታውን 3 ጊዜ አሸንፎ 23 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ነበር። ያን ጊዜ የተቀጠረው አሠልጣኝ ጆን ቶምሰን የሚባል ቁመቱ ሁለት ሜትር ያለፈ፣ በዚያው በዋሽንግተን በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ሲያሠለጥን የኖረ ጥቁር ሰው ነው። ሲመጣ ሜሪ ፌንሎን የምትባል ቀድሞ መነኩሲት የነበረች አስተማሪ ይዞ መጣ፤ ሥራዋ ተጫዋቾቹ ትምህርታቸውን መከታተላቸውን መቆጣጠር ነበር፤ በጨዋታም ጊዜ ከአሠልጣኞቹ ጋር በአንድ ወንበር ትቀመጥ ነበር። ቶምሰን በቢሮው ውስጥ አየር የወጣለት ኳስ አስቀምጦ ነበር። አየሩ ሲወጣ ምን ይቀርሃል? ማለቱ ነው። በእርሱ ዘመን አራት ዓመት ሙሉ ከተጫወቱት 77 ልጆች 75ቱ ተመርቀዋል። ይኸን ቁጥር ሳነብ ከማንኛውም ዋንጫ በላይ ደነቀኝ፤ ምናልባት አስተማሪ መሆኔ ይሆናል።

በ1982 ቡድኑ ለፍጻሜ ደረሰና ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ገጠመ። ማይክል ጆርዳን የተባለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ባገባው ኳስ 63 ለ62 ሆኑ። ጥቂት ሰከንድ ቀርቶ ኳሱ በጆርጅታውን እጅ ነበር። ፍሬድ ብራውን የሚባለው ልጅ ዓይኑ ተሳስቶ ጓደኛው መስሎት ኳሱን ለተቃራኒው ተጫዋች አቀበለው። ሚሊዮን ሕዝብ እያየ! እኔ ብሆን ኖሮ ምድር ተከፍታ እንድትውጠኝ እመኝ ነበር። ቶምሰን ግን ወደ ልጁ ሄደና በግዙፍ ክንዱ አቀፈው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆርጅታውን ሂውስተንን 84 ለ75 አሸንፎ ዋንጫውን ሲወስድ፣ ቶምሰንም በዚያ ውድድር ለድል የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ሲሆን፣ ፍሬድ ብራውን ገና በቡድኑ ውስጥ ነበር፤ አሠልጣኙም ዳግመኛ አቀፈው። በ1985 ደግሞ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ያሸነፉት ቪላኖቫ በፍጻሜው ከ28 ውርወራ 22ቱን አግብቶ 66 ለ64 አሸነፋቸው። ይኸ ሽንፈት ለጆርጅታውን ሰዎች ዛሬም ያልሻረ ቁስል ነው፤ ጋሼ ያን ጊዜ ገና ያልተወለደ ቢሆንም ስለዚያች ሌሊት ሲያወራ የነበረበት ይመስላል።

የእነዚያ ዓመታት ታላቅ ተጫዋች ፓትሪክ ዩዊንግ ነበር። ይኸው ሰው በ2017 አሠልጣኝ ሆኖ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። ቶምሰን በ2020 ኦገስት መጨረሻ በ78 ዓመቱ ዐረፈ። በሚቀጥለው መጋቢት፣ በማኅበሩ ውስጥ ከሁሉ በታች ይሆናል ተብሎ የተገመተው ጆርጅታውን 8ኛ ሆኖ ወደ ኒውዮርክ ሄደና በአራት ቀን አራት ጊዜ አሸንፎ የማኅበሩን ዋንጫ ወሰደ። ዩዊንግ 15 ዓመት የተጫወተበት፣ የመለያ ልብሱ ከጣሪያው ላይ የተሰቀለበት አዳራሽ ነው፤ ሆኖም የበር ጠባቂዎቹ እየያዙ ወረቀት ጠየቁኝ ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ጋሼ ያን ሌሊት ከመኪናዎቹ መካከል ቆሞ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ግን የመጣው ጨለማ ነው። በ2021 እና በ2022 መካከል ባለው የጨዋታ ዘመን ቡድኑ በማኅበሩ ውስጥ 19 ጊዜ ገጥሞ 19 ጊዜ ተሸነፈ። አንድም አላሸነፈም። እኔን ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ እንግዲህ ከእነዚህ ሽንፈቶች አንዱ ነበር።

አክስቴም በበኩላቸው ከዚያች ሌሊት በኋላ ነገሩን አልተዉትም። ጠዋት ጠዋት መድኃኒታቸውን ሳቀብላቸው፣ «የልጄ ሰዎች ዛሬስ አሸነፉ?» ይሉኛል። እኔም በስልኬ አይቼ፣ «አላሸነፉም አክስቴ» እላለሁ። «ምነው፣ ምግብ አይሰጧቸውም?» ይላሉ። በሌላ ቀን ደግሞ፣ «ዛሬስ?» ይላሉ። አሁንም አላሸነፉም። እየደጋገመ ይኸ ሲሆን ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ስለ ኳስ አለመሆኑን ማወቅ አያዳግትም ነበር። ልጃቸው በዚያ አገር ሁልጊዜ ከሚሸነፉ ሰዎች ጋር መዋሉ ነው ያሳሰባቸው።

በመጋቢት መጀመሪያ አንድ ጠዋት ሕመሙ ጠንክሮባቸው ባደሩበት ቀን እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። እኔም ስልኬን ሳላይ፣ «አሸነፉ!» አልኋቸው። ተማሪዎቼ ይኸን እንዳያነቡብኝ እለምናለሁ፤ ዋሸሁ። አክስቴ ተነሥተው ተቀመጡና ስልኩን ደውልልኝ አሉኝ። ደወልሁ። «እሰይ የኔ ልጅ! አሸነፋችሁ አሉ! እንኳን ደስ ያላችሁ!» አሉት። በወዲያ በኩል ጥቂት ዝም አለ። እኔም መጋለጤ ነው ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ቀጥሎ ድምፁን ሰማሁት፤ «አዎ እማዬ፤ አሸነፍን» አላቸው። «በስንት?» አሉት። «በሃያ» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼና እኔ ታረቅን። አክስቴም ደስታቸው ሳይቀንስ፣ የድል አድራጊዎቹን ሹራብ እንዲልክላቸው አዘዙት፤ እርሱም ወዲያው ገዛ። ግን የሚያመጣለት መንገደኛ ሳያገኝ ክረምት ገባ፤ አክስቴም በነሐሴ ዐረፉ። እናንተ እንደምታውቁት የእኛ ቀብር ሰው አይጠብቅም፤ ለሠልስቱም አልደረሰም። በመስከረም ለአርባቸው መጣ። ግራጫው ሹራብ ከሻንጣው ውስጥ ከነወረቀቱ ነበር። አሁን እናቴ በብርድ ጊዜ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከነጠላዋ ሥር ትለብሰዋለች፤ ደረቱ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ የጠየቃት ሰው ቢኖር «የእኅቴ ልጅ ትምህርት ቤት ነው» ትላለች።

ቡድኑም መሸነፉን ቀጠለ። ከዓመት ወደ ዓመት ተሻግሮ በማኅበሩ ውስጥ በተከታታይ 29 ሽንፈት ደረሰ። ጥር 16 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በእነርሱ ጃኑዋሪ 24 ቀን 2023፣ ዲፖል ከሚባለው ኮሌጅ ጋር ተጋጠመ። እኔ ለፈተና ሳጠና አምሽቼ ተኝቼ ነበር፤ ሊነጋጋ ሲል ነቃሁና እንደ ልማዴ ስልኬን አየሁ። 81 ለ76። ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሳስበው ያስቀኛል፤ ደወልሁለት። ሥራ ላይ ነበር፤ የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ አሸነፋችሁ!»

«አሸነፍን በል» አለኝ። ቀጥሎም ለረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ «በአምስት ነው። እኔ ግን ለእማዬ በሃያ ብያት ነበር» አለ።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ዩዊንግ በዚያው በ2023 ተሰናበተና ኤድ ኩሊ የሚባል ሌላ አሠልጣኝ መጣ። የመጀመሪያ ዓመቱ መልካም አልነበረም፤ በ2025 ግን የድሉ ቁጥር ከሽንፈቱ በለጠ፤ ሆኖም ወደ ታላቁ ውድድር ለመግባት አልበቃም። በዚህ መካከል የኮሌጁ ኳስ ራሱ ተለውጧል። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደላቸው፤ በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ኮሌጆቹ ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ሆነ፤ ልጆቹም በየዓመቱ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይዘዋወራሉ። ብዙ የቆዩ ደጋፊዎች በዚህ ያማርራሉ። እኔ ግን አሠልጣኙ በሚሊዮን እየተከፈለው ልጁ በነጻ ይጫወት የሚለው ነገር አስቀድሞም አልገባኝም። ጋሼን የሚያስከፋው ሌላ ነው፤ የልጆቹን ስም ለይቶ ሳይጨርስ ይሄዱበታል። ፍሬድ ብራውን ዛሬ ቢሆን ኖሮ ያን ኳስ ባቀበለ በሳምንቱ ሌላ ኮሌጅ ይገባ ነበር፤ ያ ሁለተኛው እቅፍም አይኖርም ነበር ይላል። በዚህስ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።

የዘንድሮው ምርጫ የሚነገረው በመጪው እሑድ፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። ጋሼ ሰንጠረዡ እንደ ወጣ እንደሚልክልኝና እስከ ሐሙስ ቀትር ሞልቼ እንድመልስለት፣ እንደ ዓምናው ሁሉንም በስም ጥፍጥና እንዳልመርጥ አስጠንቅቆኛል። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ተማሪዬም ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 68ቱን ስሞች በሰሌዳ ላይ እንድጽፍላቸው ጠይቃኛለች፤ እርሷም መሙላት ትፈልጋለች። ለዚህ የሚበቃ ጠመኔ እንዳለን ነገ ከዕቃ ቤት መጠየቅ አለብኝ።